መስመሩ ያልፋል ወይስ ይቆማል? የተቆራረጡ መስመሮችን ዘዌ ስለ መፈለግ

ኮምቦልቻ ላይ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴና ከባቲ የሚመጡ ሦስት መንገዶች ይገናኛሉ። በደሴም በኮምቦልቻም ሰፈር ውስጥ ደግሞ አንዱ መንገድ ሌላውን ቆርጦ የሚያልፍባቸው መስቀለኞች አሉ። ለእግረኛ ሁለቱም መገናኛ ናቸው። ዘዌ (አንግል) ለሚፈልግ ሰው ግን የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። መስቀለኛው ላይ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ አንዱን ዘዌ ለክቶ የቀሩትን ሦስቱን ሳይለኩ መናገር ይቻላል። ባለ ሦስቱ መገናኛ ላይ ግን ሁለት ዘዌ ካልታወቀ ሦስተኛው አይገኝም፤ ከሦስቱ መንገዶች ሁለቱ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካልዋሉ በቀር። ለምሳሌ አንዱ 140፣ ሌላው 125 ዲግሪ ቢሆን የቀረው 360 ሲቀነስ 265፣ ማለትም 95 ነው። ከዚያ ውጭ ምንም አቋራጭ የለም።

ይህን ያስቀደምኩት ተማሪዎች በዚህ ርዕስ ላይ የሚሳሳቱት ቁጥር መደመር አቅቷቸው ስላልሆነ ነው። ሥዕሉን ሲያዩ ቀድሞ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ይዘሉታል፦ ይህ መስመር ነጥቡን አልፎ ይቀጥላል ወይስ እዚያው ይቆማል? ካለፈ ፊት ለፊቱ እኩያ ዘዌ አለው። ከቆመ የለውም።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። የአማርኛው የሒሳብ መጽሐፍ ‹ዘዌ› ይላል። ተማሪው ‹አንግል› ይላል፤ ብረት መሸጫ ገብታችሁ አንግል ብትሉ ግን የሚወጣላችሁ ኤል ቅርጽ ያለው ብረት ነው። ግንበኛው ‹ማዕዘን› ይላል፤ እሱ ዘንድ ማዕዘኑን ጠብቋል ማለት 90 ዲግሪ ሆኗል ማለት ነው። የማያሳስተው የመጽሐፉ ቃል ስለሆነ እሱን ይዤ እቀጥላለሁ።

ሁለት ቀጥታ መስመሮች ሲቆራረጡ አራት ዘዌዎች ይፈጠራሉ። ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ሁልጊዜ ተደምረው 180 ይሆናሉ፤ ምክንያቱም አንድ ላይ ሆነው ዝርግ መስመር ይሞላሉ። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ደግሞ እኩል ናቸው። ሁለተኛውን ሕግ ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል እንጂ ከመጀመሪያው የሚወጣ መሆኑን አያስተውልም። አራቱን ዘዌዎች በዙር አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ በሏቸው። አንደኛውና ሁለተኛው በአንዱ መስመር ላይ ተቀምጠው 180 ይሞላሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛውም በሌላው መስመር ላይ ተቀምጠው 180 ይሞላሉ። ሁለተኛው በሁለቱም ድምር ውስጥ ስላለ እሱን ከሁለቱም ብታወጡት አንደኛውና ሦስተኛው እኩል ሆነው ይቀራሉ። የግሪኩ የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ‹ኤለመንትስ› በተባለው ሥራው አንደኛ መጽሐፍ 15ኛ አንቀጽ ላይ ያስቀመጠው ማረጋገጫም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

መምህራን ለዚህ መቀስ ያሳያሉ። እኔ ምሳሌውን ብዙም አልወደውም፤ የመቀስ እጀታ የታጠፈ ስለሆነ መያዣው የተከፈተውን ያህል ስለቱ ሲከፈት አይታይም። ሁለት ቀጫጭን ጣውላዎችን መሐላቸው ላይ በአንድ ምስማር ማያያዝ ይሻላል። አንዱን ጥንድ ስታጠቡ ፊት ለፊቱ ያለው አብሮ ይጠብባል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ደግሞ በዚያው ልክ ይሰፋሉ። አንዱን ጣውላ ምስማሩ አጠገብ ብትቆርጡት ግን ፊት ለፊቱ የነበረው ዘዌ ይጠፋል።

ቀላሉን እንይ። አንዱ ዘዌ 65 ነው። ጎረቤቱ 180 ሲቀነስ 65፣ ማለትም 115 ነው። የፊት ለፊቱ 65 ነው። አራተኛው 115 ነው። አራቱ ተደምረው 360 ካልሞሉ አንዱ ቦታ ላይ ስህተት አለ። ይህ አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ማረጋገጫ ነው፤ የሚሠራው ተማሪ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄው ውስጥ ፊደል ሲገባ ነው ነገሩ የሚከብደው። መጽሐፉ ኤክስ የሚለውን እዚህ ‹ሸ› ልበለው። አንዱ ዘዌ 3ሸ + 10፣ ሌላው 5ሸ − 30 ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው። ከማስላት በፊት ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ እኩል ናቸው ወይስ ድምራቸው 180 ነው? ፊት ለፊት ስለሆኑ እኩል ናቸው።

3ሸ + 10 = 5ሸ − 30
40 = 2ሸ
ሸ = 20

ብዙ ወረቀት ላይ መልሱ እዚህ ጋ ይቆማል፤ ሥሩም ሁለት ጊዜ ይሰመርበታል። የተጠየቀው ግን ዘዌው ነበር። 20ን መልሳችሁ ስታስገቡ 3 ጊዜ 20 ሲደመር 10፣ 70 ይሆናል፤ በሌላውም በኩል 5 ጊዜ 20 ሲቀነስ 30፣ 70 ነው። ጎረቤቶቻቸው 110 ናቸው።

አሁን ደግሞ ተማሪው ተሳስቶ ሁለቱን ደምሮ 180 ቢያደርግስ? 8ሸ − 20 = 180 ይሆንና ሸ 25 ይወጣል። ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነና ስለሚያምር ጥርጣሬ አይፈጥርም። መልሶ ሲያስገባ ግን አንዱ 85፣ ሌላው 95 ይሆንበታል፤ ፊት ለፊት ያሉ ዘዌዎች ደግሞ የተለያዩ ሊሆኑ አይችሉም። መልሶ ማስገባት ለሥርዓት ያህል የሚጻፍ መስመር ሳይሆን ይህን የሚይዝ ወጥመድ ነው።

የጎረቤት ጥያቄ በተቃራኒው ነው። 2ሸ + 15 እና 4ሸ − 9 ጎን ለጎን ቢሆኑ 6ሸ + 6 = 180፤ ሸ 29፤ ዘዌዎቹ 73 እና 107። ሁለቱን እኩል አድርጎ የሠራ ሰው ሸ 12 ብሎ ሁለቱንም 39 ያደርጋል። 39 እና 39 ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝርግ መስመር እንደማይሞሉ ሥዕሉን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ነጥቡ ላይ የሚቆም ጨረር ያለበት ሥዕል ነው። ወረቀት አውጥታችሁ አብራችሁ ሣሉ። አግድም መስመር ጎትቱ፤ ግራ ጫፉን ለ፣ ቀኝ ጫፉን መ በሉ። መሐሉ ላይ ነጥብ አድርጉና ነ በሉት። በነጥቡ የሚያልፍ ሌላ ዘንበል ያለ መስመር ጎትቱ፤ ከላይ በግራ በኩል ያለው ጫፍ ረ፣ ከታች በቀኝ ያለው ሰ ይሁን። በመጨረሻም ከነጥቡ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ጨረር ጨምሩ፤ ጫፉን ከ በሉት። ጨረሩ ከአግድሙ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል፤ ከነጥቡ በታች ግን አይቀጥልም። የተሰጠው በ‹ረ› እና በ‹ከ› መካከል ያለው ዘዌ 28 መሆኑ ነው።

ከ‹ለ› እስከ ‹ከ› 90 ስለሆነ ከ‹ለ› እስከ ‹ረ› ያለው 62 ነው። የ‹ለነረ› ፊት ለፊት ‹መነሰ› ነው፤ እሱም 62። ከ‹ረ› እስከ ‹መ› ያለው 28 ሲደመር 90፣ 118 ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው ‹ለነሰ›ም 118። አሁን ወጥመዱ፦ የ28ቱ ፊት ለፊት ስንት ነው? ብዙ ተማሪ 28 ብሎ ከታች በቀኝ በኩል የሆነ ቦታ ላይ ይጽፋል። እዚያ ግን ምንም የለም፤ ጨረሩ ነ ላይ ቆሟል። 28 የሚኖረው ጨረሩን በነጠብጣብ ወደ ታች ካስረዘማችሁት ብቻ ነው፤ ያኔም የተጠየቀው ሥዕል ሳይሆን እናንተ የሠራችሁት ሌላ ሥዕል ይሆናል።

ሦስት ሙሉ መስመሮች በአንድ ነጥብ ሲያልፉ ስድስት ዘዌዎች ይወጣሉ። በአንድ መስመር በአንድ ወገን ያሉት ሦስቱ 180 ይሞላሉ፤ ሁለቱ 40 እና 75 ከሆኑ ሦስተኛው 65 ነው። በዙር ስትቆጥሩ የእያንዳንዱ እኩያ አራተኛው ላይ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚስተው ‹ፊት ለፊት› የሚለው ነው፤ በዓይን ግምት ሳይሆን የዘዌውን ሁለት ክንዶች በጣት ወደ ኋላ ጎትቶ የት እንደሚወጡ ማየት ያስፈልጋል።

ወደ እንግሊዝኛው መጽሐፍ ሲሻገሩ ደግሞ አዲስ ችግር ይመጣል። ፊት ለፊት ያሉት ‹ቨርቲካሊ ኦፖዚት አንግልስ› ይባላሉ። ‹ቨርቲካል› የሚለውን ቀጥ ብሎ የቆመ ብለው የሚተረጉሙ ተማሪዎች ላይና ታች ያሉትን ብቻ እኩል አድርገው ግራና ቀኝ ያሉትን ይተዋሉ። ቃሉ እዚህ ቦታ ላይ የመጣው ከ‹ቨርቴክስ› ነው፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ማለት ነው። ግራና ቀኝም እኩል ናቸው። ‹ሰፕልመንታሪ› 180፣ ‹ኮምፕልመንታሪ› 90 መሆኑን ለይቶ መያዝ ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

በመለኪያ ለሚሠራ ሰው፦ ፕሮትራክተር ላይ ሁለት የቁጥር ረድፍ አለ፤ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ይጀምራል። 65 የሆነውን 115 ብሎ የሚያነብ ሰው ያነበበው የጎረቤቱን ዘዌ ነው። መፍትሔው ከመለካት በፊት ዘዌው ከ90 ያንሳል ወይስ ይበልጣል ብሎ መወሰን ነው። ዜሮው ክንዱ ላይ ካረፈው ረድፍ ብቻ አንብቡ። ሌላው ስህተት የፕላስቲኩን ጠርዝ መስመሩ ላይ ማሳረፍ ነው፤ በብዙዎቹ ፕሮትራክተሮች ላይ የዜሮው መስመር ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ክንዱ አጭር ሆኖ ቁጥሩ ላይ ካልደረሰ በማስመሪያ አስረዝሙት፤ ዘዌው በመርዘሙ አይለወጥም። ከለካችሁ አራቱንም ለኩ። ፊት ለፊት ያሉት በ2 ዲግሪ ከተለያዩ መካከለኛው ነጥብ ተንሸራትቷል ማለት ነው። ፈተና ላይ ግን አትለኩ። ሥዕሉ በልኩ እንዲሣል ማንም አይገደድም፤ 50 ተብሎ የተጻፈበት ዘዌ በዓይን 70 ሊመስል ይችላል።

ትይዩ መስመሮችን ለማየት በኮምቦልቻ የሚያልፈውን ከአዋሽ ወደ ሀራ ገበያ የተዘረጋውን ሐዲድ ማሰብ ነው። ሁለቱ ብረቶች በውስጥ ጎናቸው 1435 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ይሄዳሉ። ቀጥ ባለው ክፍሉ ላይ አንድ መንገድ በ70 ዲግሪ ያቋርጠዋል እንበል። መንገዱ ከመጀመሪያው ብረት ጋር አራት፣ ከሁለተኛውም ጋር አራት፣ በጠቅላላው ስምንት ዘዌ ይሠራል። ስምንት ቢሆኑም ቁጥሩ ሁለት ብቻ ነው፤ አራቱ 70፣ አራቱ 110። መጽሐፉ ለየጥንዱ ስም ሰጥቶ ዝርዝሩን ያስረዝመዋል፤ ስሙ ምክንያት ለመጻፍ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን ለማግኘት ግን ሹሎቹ (ከ90 የሚያንሱት) ሁሉ እርስ በርስ እኩል፣ ዝርጦቹም (ከ90 የሚበልጡት) እርስ በርስ እኩል፣ አንድ ሹልና አንድ ዝርጥ ተደምረው 180 መሆናቸውን ማወቅ ይበቃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መስመሮቹ ትይዩ መሆናቸው ከተነገረ ብቻ ነው፤ በጽሑፍ ወይም መስመሮቹ ላይ በተደረገ የቀስት ምልክት። የደሴን ሰው በዚህ ማሳመን አይከብድም፤ ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ተዳፋት ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ የሚመስሉ ሁለት መንገዶች ራቅ ብለው ተቃርበው ሊገኙ ይችላሉ። መቆራረጥ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ፊት ለፊት ያሉት እኩል የሚሆኑት መስመሮቹ ምንም ይሁኑ ምን ነው።

ከትይዩ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ በደንብ ላሳይ፤ የታጠፈው መስመር። ሁለት ትይዩ አግድም መስመሮች አሉ። ከላይኛው የተነሣ መስመር ወደ ታች ይወርድና መሐል ላይ ታጥፎ ወደ ታችኛው ይሄዳል። ከላይኛው መስመር ጋር 35፣ ከታችኛው ጋር 50 ዲግሪ ይሠራል፤ ሁለቱም የሚከፈቱት እጥፋቱ ባፈነገጠበት ወገን ነው። የእጥፋቱ ዘዌ ስንት ነው? የሚያቋርጥ ሙሉ መስመር ስለሌለ ተማሪው እጁን ያጥፋል። መፍትሔው በእጥፋቱ ነጥብ ላይ ለሁለቱም ትይዩ የሆነ ሦስተኛ መስመር በነጠብጣብ መጎተት ነው። መስመሩ የእጥፋቱን ዘዌ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የላይኛው ክፍል 35፣ የታችኛው 50፣ ድምሩ 85። ነጠብጣቡን ሳይጎትት 35ንና 50ን ከ180 የሚቀንስ ሰው 95 ያገኛል፤ ያ የጎነ ሦስት ሥራ ነው፤ እዚህ ጎነ ሦስት የለም።

እጥፋት ካነሣን፣ ከኮምቦልቻ በሀረጎ ወደ ደሴ ሲወጣ ባሉት ጥምዝምዞች ላይ ሁለት ዘዌ እንዳለ ልብ በሉ። በሁለቱ የመንገድ ክፍሎች መካከል ያለው ለምሳሌ 30 ከሆነ መኪናው የሚዞረው 30 ሳይሆን 150 ነው። ጥያቄ ላይ ‹ስንት ዲግሪ ዞረ› ሲባልና ‹በመንገዶቹ መካከል ያለው ስንት ነው› ሲባል መልሱ እየተለያየ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ሦስት መስመሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ቦታ ሲቆራረጡ ጎነ ሦስት ይዘጋሉ፤ ያኔ የውስጡ ድምር 180 የሚለው ይጨመራል። አንዱ ጫፍ ላይ ከውጭ 130 ተሰጥቷል፤ ጎረቤት ስለሆነ ውስጡ 50 ነው። ሁለተኛው ጫፍ ላይ ከውጭ በፊት ለፊት 72 ተሰጥቷል፤ ውስጡም 72። ሦስተኛው 58። እዚያ ጫፍ ላይ የውጩ 122 ነው፤ እሱም የ50 እና የ72 ድምር ነው። አጻጻፉ ላይ ከየቁጥሩ ጎን ምክንያቱን አስፍሩ፦ ‹50፤ ከ130 ጋር ዝርግ መስመር ላይ ስለሆነ›፣ ‹72፤ ፊት ለፊት ስለሆነ›። ምክንያቱ ሲጻፍ ከስህተቶቹ አብዛኞቹ እዚያው ይታያሉ፤ ‹ፊት ለፊት ስለሆነ› ብሎ የጎረቤቱን ቁጥር መጻፍ ለእጅም ይከብዳል።

ይህን በእጅ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ብየዳ ቤት ነው። የውስጥ ስፋቱ 100፣ ቁመቱ 173 ሳንቲ ሜትር የሆነ የበር ክፈፍ ውስጥ የኤክስ ቅርጽ ያለው ማጠናከሪያ ይገባል እንበል። ከጥግ እስከ ጥግ 2 ሜትር ሊሞላ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎድለዋል። እያንዳንዱ ዘንግ ከቋሚው ጎን ጋር 30፣ ከአግድሙ ጋር 60 ዲግሪ ይሠራል። መሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዩት ዘዌዎች 60፣ ግራና ቀኝ ያሉት 120 ናቸው። አንዱ ዘንግ ሙሉ ሆኖ ያልፋል፤ ሌላው ለሁለት ተቆርጦ ከግራና ከቀኝ ይገጠምበታል። ፊት ለፊት ያሉት ዘዌዎች እኩል ስለሆኑ ሁለቱ ግማሾች አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱን ለክቶ ሁለት መቁረጥ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ማሽኑ ላይ ነው። የመቁረጫ ማሽኑ መለኪያ ዜሮ የሚለው ቀጥ ያለውን፣ ማለትም የ90 ዲግሪውን ቁርጥ ነው። ስለዚህ ቁርጡ ከዘንጉ ርዝመት ጋር 60 እንዲሠራ መለኪያው የሚቀመጠው 30 ላይ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ከ45 ስለማያልፉ ጥጉ ላይ የሚያስፈልገው የ30 ዲግሪ ሹል ቁርጥ በእነሱ አይወጣም፤ መለኪያውን 60 ላይ ማድረስ ይጠይቃልና። እሱ በእስኳድራና በጠመኔ ተሠምሮ በእጅ መቁረጫ ይወጣል። 1 ዲግሪ ከሳታችሁ 1 ሜትር ላይ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ በኤሌክትሮድ የሚሞላ ክፍተት አይደለም።

ርዝመቱም ዘዌውን ይከተላል። ዘንጉ ባለ 30 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ጎን የብረት ቱቦ) ከሆነ ግማሹ ከመሐሉ ነጥብ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ተቀንሶለት ከተቆረጠ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። 15 የሚበቃው መስቀለኛው 90 ቢሆን ነበር፤ በ60 ላይ ግን ግማሹ ሙሉውን ዘንግ የሚገጥመው አዘንብሎ ስለሆነ የሚቀነሰው 17.3 ነው። እንዲሁም ከመጀመሪያው ቁርጥ በፊት የቱቦው አንድ ገጽ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ሁለተኛው ጫፍ ሲቆረጥም ያው ገጽ ወደ ላይ ይሁን። ቱቦው በመሐል ከተገለበጠ ሁለቱ ጫፎች በተቃራኒ ወገን ያዘነብላሉ፤ ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ ቁራጩ ክፈፉ ውስጥ አይገባም።